በግራፊን ላይ የሚበቅሉ የሴሚኮንዳክተር ናኖሽቦዎች፦ ከመተማ ቆላ ሆነን ስንመለከታቸው

ፀሐይ የበዛለት አገር የፀሐይ ኤሌክትሪክም በዚያው ልክ ይበዛለታል የሚል አስተሳሰብ በብዙዎቻችን ዘንድ አለ። ነገሩ እውነት የሚሆነው ግን በከፊል ነው። ለምሳሌ በሱዳን ወሰን ላይ፣ ከጋላባት ፊት ለፊት የምትገኘውን መተማ ዮሐንስን እንውሰድ። በዚህች የምዕራብ ጎንደር ቆላ ከተማ በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት የቀትሩ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴልሺየስን የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር የሆነው ይኸው ቆላ የብርሃን እጥረት የለበትም። ይሁንና በጣሪያ ላይ የተሰቀለ የሲሊከን የፀሐይ ሰሌዳ (ሶላር ፓነል) በጀርባው ላይ የተጻፈለትን ኃይል በመተማ ቀትር አይሰጥም።

ምክንያቱን ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። ፋብሪካው በሰሌዳው ላይ «100 ዋት» ብሎ የሚጽፈው፣ የሰሌዳው የራሱ ሙቀት 25 ዲግሪ ሲሆን በተደረገ ፍተሻ ላይ ተመሥርቶ ነው። ጠንካራ ፀሐይ የሚመታው ሰሌዳ ደግሞ በዙሪያው ካለው አየር ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ያህል የበለጠ ይሞቃል። አየሩ 40 ዲግሪ ቢሆን ሰሌዳው 65 ዲግሪ ይደርሳል ማለት ነው። የሲሊከን ሰሌዳ ከ25 ዲግሪ በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከኃይሉ 0.4 በመቶ ገደማ ያጣል። ስለዚህ 40 ዲግሪ ጭማሪ በ0.4 ሲባዛ 16 በመቶ ይሆናል፤ የ100 ዋቱ ሰሌዳ 84 ዋት ብቻ ይሰጣል። ፀሐይዋ ብርሃኑን በአንድ እጇ ሰጥታ ከፊሉን በሌላ እጇ የምትወስድ ይመስላል።

ሁለተኛው የቆላው ችግር ውሃ ነው። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. ከተቀሰቀሰ በኋላ በመተማ በኩል ብዙ ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ ተሻግሯል፤ በዚያው እ.ኤ.አ. በ2023 በኩመር የስደተኞች መጠለያ የኮሌራ ወረርሽኝ ተከስቶ ነበር። የኮሌራን ባክቴሪያ ያለ መድኃኒትና ያለ ማገዶ መግደል ከሚችሉ ነገሮች አንዱ ትክክለኛ የሞገድ ርዝመት ያለው የአልትራቫዮሌት ብርሃን ነው። ይህን ብርሃን ለማመንጨት እስካሁን በብዛት የሚያገለግለው በውስጡ መርዛማ ሜርኩሪ ያለበት የመስታወት መብራት ነው። ሜርኩሪ የሌለበት፣ ጥፍር የሚያህል፣ በትንሽ ባትሪ የሚሠራ መብራት ቢገኝ ለእንዲህ ያለ ስፍራ የሚሰጠውን ጥቅም መገመት አያዳግትም።

ሰሌዳው በሙቀት የሚዳከምበትም ሆነ ትንሹ መብራት እንዳይሠራ የሚያግደው ምክንያት በአንድ የፊዚክስ መስክ ውስጥ ይገኛል፤ ይኸውም የሴሚኮንዳክተር ፊዚክስ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተውም በዚሁ መስክ ከተገኙት ትኩረት ሳቢ ውጤቶች አንዱን ነው፤ እጅግ ቀጫጭን የሴሚኮንዳክተር ሽቦዎችን በአንድ የካርቦን ንጣፍ ላይ እንደ ማሽላ አገዳ አቁሞ ማሳደግ ይቻላል። ሽቦዎቹ እንዴት እንደሚቆሙና ኤሌክትሮኖች በውስጣቸው እንዴት እንደሚጓዙ በቅደም ተከተል እናያለን።

የኃይል ክፍተት

እንደሚታወቀው መዳብን የመሰሉ ብረታ ብረቶች ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያስተላልፋሉ፤ መስታወትና ፕላስቲክ አያስተላልፉም። ሴሚኮንዳክተር ወይም ከፊል አስተላላፊ የሚባለው በሁለቱ መካከል ያለ ቁስ ነው። በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከአተሞቻቸው ጋር ተሳስረው ይቀመጣሉ፤ ከእስራቸው ተላቀው ለመንቀሳቀስ የተወሰነ ኃይል ማግኘት አለባቸው። ይህ ዝቅተኛ የኃይል መጠን «የኃይል ክፍተት» ይባላል፤ የሚለካውም በኤሌክትሮን ቮልት ነው። የሲሊከን የኃይል ክፍተት 1.12፣ የጋሊየም አርሰናይድ 1.42፣ የጋሊየም ናይትራይድ 3.4 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። የአሉሚኒየም ናይትራይድ ደግሞ 6 ገደማ ይደርሳል።

ክፍተቱ ሁለት ነገሮችን ይወስናል። አንደኛ፣ ቁሱ የሚቀበለውንና የሚያወጣውን ብርሃን ይወስናል። 1240ን ለኃይል ክፍተቱ ብናካፍል የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት በናኖሜትር እናገኛለን። ለጋሊየም ናይትራይድ 1240 ለ3.4 ሲካፈል 365 ናኖሜትር ይመጣል፤ ይህም ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ነው። አንባቢ ይህን ቁጥር ይያዝልን፤ ወደ ኋላ ላይ እንደገና እንፈልገዋለን። ሁለተኛ፣ ቁሱ በሙቀት ፊት ያለውን ጽናት ይወስናል። ሙቀት ራሱ ኤሌክትሮኖችን ከእስራቸው ያላቅቃል፤ ክፍተቱ ጠባብ ሲሆን ሙቀቱ ብዙ ኤሌክትሮኖችን ያለ ብርሃን ስለሚፈታ በሴሉ ውስጥ ወደ ኋላ የሚፈስ ከረንት ይጨምራል፤ የሴሉ ቮልቴጅም ይወርዳል። ከጋሊየም አርሰናይድ የተሠራ ሴል በሙቀት ምክንያት የሚያጣው ኃይል ከሲሊከን ግማሽ ወይም ከዚያም ያነሰ የሚሆነው በዚህ የተነሣ ነው። በጋሊየም አርሰናይድ ውስጥ ኤሌክትሮኖች የሚጓዙበት ቅልጥፍናም ከሲሊከን ስድስት እጥፍ ያህል ይበልጣል።

ታዲያ ለምን በመተማ ጣሪያዎች ላይ የጋሊየም አርሰናይድ ሰሌዳ አይሰቀልም? መልሱ ዋጋ ነው። ጋሊየም አርሰናይድን በጥሩ ጥራት ለማሳደግ ራሱ የጋሊየም አርሰናይድ የሆነ ውድ የክሪስታል መደብ ያስፈልጋል። በመሆኑም ይህ ዓይነት ሴል ክብደትና ብቃት ከገንዘብ በሚበልጡበት ሥራ፣ በተለይም በሳተላይቶች ላይ፣ ተወስኖ ቆይቷል። በርካሽ መደብ ላይ ማብቀል ቢቻል ግን ስሌቱ ይለወጣል።

ከእርሳስ እስከ ግራፊን

በአማርኛ «እርሳስ» የምንለው የመጻፊያ መሣሪያ ስሙን ከከባዱ ብረት ጋር ይጋራል፤ ይሁን እንጂ በውስጡ አንዳችም የእርሳስ ብረት የለም። ጥቁሩ ዘንግ ግራፋይት የተባለ የካርቦን ዓይነት ከሸክላ ጋር ተቀላቅሎ የተሠራ ነው። ግራፋይት እንደ መጽሐፍ ቅጠል በላይ በላዩ የተደራረቡ ንጣፎች ስብስብ ነው፤ በአንድ ሚሊሜትር ውፍረት ውስጥ ሦስት ሚሊዮን ያህል ንጣፎች ይገኛሉ። በአንዱ ንጣፍ ውስጥ የካርቦን አተሞች እንደ ማር እንጀራ ቀፎዎች ባለ ስድስት ማዕዘን ሆነው እጅግ ጠንክረው ይያያዛሉ። በንጣፍና በንጣፍ መካከል ያለው ትስስር ግን ደካማ ስለሆነ፣ ስንጽፍ ንጣፎቹ እየተላጡ በወረቀቱ ላይ ይቀራሉ።

ከእነዚህ ንጣፎች አንዱ ብቻውን ሲነጠል ግራፊን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ግራፋይትን በተራ ማጣበቂያ ፕላስተር ደጋግመው በመላጥ የአንድ አተም ውፍረት ያለውን ንጣፍ ለይተው አሳይተዋል፤ በ2010ም የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የላቦራቶሪ ዕቃ እጥረት ለሚያማርር ተማሪ ይህ ታሪክ ጥሩ መጽናኛ ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ተደጋጋሚ ጥያቄ እንመልስ። መተማና አካባቢው የዕጣን ዛፍ አገር ነው፤ ከሰልም በየቤቱ አለ። ከሰል ካርቦን ከሆነ ግራፊን አይደለምን? ከሰል ውስጥ የግራፊን ቁርጥራጭ የሚመስሉ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ፤ ነገር ግን የተጨማደዱና በየአቅጣጫው የተዘበራረቁ ናቸው። ለእኛ ጉዳይ የሚፈለገው ካርቦን መሆኑ ብቻ ሳይሆን የአተሞቹ ሥርዓት ነው።

ግራፊን ኤሌክትሪክን በሚገባ ያስተላልፋል፤ ከሚታየው ብርሃን የሚያስቀረው ደግሞ 2.3 በመቶ ብቻ ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ አስተላላፊ መሆኑ ለፀሐይ ሴልም ለመብራትም ተፈላጊ ያደርገዋል። ጉድለቱ የኃይል ክፍተት የሌለው መሆኑ ነው፤ ብቻውን መብራት ወይም ማብሪያ ማጥፊያ ሊሆን አይችልም። ሴሚኮንዳክተሩ አስተላላፊ መሬት፣ ግራፊኑም ክፍተት ያለው ጓደኛ የሚፈልጉት በዚህ ምክንያት ነው። ችግሩ ሁለቱን ማገናኘቱ ላይ ነው።

ርምጃቸው የማይገጥም ክሪስታሎች

በክሪስታል ላይ ሌላ ክሪስታል ሥርዓቱን ጠብቆ እንዲያድግ ማድረግ ኤፒታክሲ ይባላል። የታችኛው ክሪስታል አተሞች ለላይኛው እንደ ፈር ሆነው ያገለግላሉ፤ የላይኛውም በዚያው ፈር ይሰለፋል። ይህ የሚሳካው የሁለቱ አተሞች ርቀት ሲቀራረብ ነው። ርቀቱ ከተለያየ ውጥረት ይፈጠራል፤ ውጥረቱ ሲበዛ ክሪስታሉ ይሰነጠቃል ወይም በውስጡ የአሰላለፍ ስብራት ይታይበታል። ስብራቱ ደግሞ ኤሌክትሮኖችን የሚያጠምድ ወጥመድ ነው።

የጋሊየም አርሰናይድና የግራፊን ርቀት ምን ያህል ይስማማል? ስሌቱን አብረን እንሥራው። በግራፊን ላይ ተመሳሳይ ቦታ የሚደገምበት ርቀት 0.246 ናኖሜትር ነው። ሽቦው በሚቆምበት አቅጣጫ የጋሊየም አርሰናይድ ርቀት 0.400 ናኖሜትር ነው። ሁለቱ ጨርሶ የማይገናኙ ይመስላሉ። ሆኖም የላይኛውን ክሪስታል በ30 ዲግሪ ብናዞረውና ከግራፊኑ ቀፎዎች እያለፍን አንዳንዶቹን ብቻ ብንረግጥ፣ የግራፊኑ ርምጃ 0.246 በ3 ስኩዌር ሩት ተባዝቶ 0.426 ናኖሜትር ይሆናል። አሁን ልዩነቱ ወደ 6 በመቶ ወረደ። ኢንዲየም አርሰናይድ ከዚህም ይሻላል፤ ርቀቱ 0.428 ስለሆነ ከ0.426 ጋር የሚገጥም ያህል ነው።

ስድስት በመቶ ለዘርፉ ባለሙያ አሁንም ብዙ ነው። ከ16 ርምጃ ገደማ በኋላ አተሞቹ በአንድ ሙሉ ርምጃ ይዛነፋሉ። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ይረዱናል። የመጀመሪያው የግራፊን ባሕርይ ነው፤ በገጹ ላይ ያልተያያዘ የኬሚካል እጅ የለም፤ ስለዚህ ላዩ ላይ የሚያርፈውን ክሪስታል አጥብቆ አይዝም፤ ፈሩን ያሳየዋል እንጂ አያስገድደውም። በእንዲህ ያለ ደካማ ትስስር ኤፒታክሲ ማካሄድ እንደሚቻል ጃፓናዊው አትሱሺ ኮማ በ1980ዎቹ አሳይተዋል። ሁለተኛው የሽቦው ቅጥነት ነው። የሽቦው እግር ጥቂት አሥር ናኖሜትር ብቻ ስለሆነ (የሰው ጠጉር ውፍረት 80,000 ናኖሜትር ያህል ነው) የቀረው ውጥረት በነፃው ጎኑ በኩል ይለቀቃል። ሰፊ ንብርብር ለማሳደግ ብንሞክር ግን ያ ነፃነት አይኖርም። እንዲያውም የማይዝ ገጽ ላይ የሚያርፉ አተሞች ወጥ ሆነው ከመንጠፍ ይልቅ እንደ ውሃ ጠብታ በቅባት ላይ ተሰብስበው ይቋጠራሉ። ሌላው ተመራማሪ እንደ ችግር የሚያየው መቋጠር ለናኖሽቦ አብቃይ መነሻ ነው።

ጠብታው እንደ ዘር

ሽቦን ከፈሳሽ ጠብታ የማሳደግ ሐሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ባልደረቦች የነበሩት ዋግነርና ኤሊስ በወርቅ ጠብታ እገዛ ቀጫጭን የሲሊከን ዘንጎችን አሳድገዋል። ጠብታው ሲሊከኑን ከጋዝ ይቀበላል፤ በውስጡ ያሟሟዋል፤ ሲጠግብም ከታቹ በክሪስታል መልክ ያወጣዋል። ክሪስታሉ ሲያድግ ጠብታውን ወደ ላይ ይገፋዋል።

ወርቅ በሴሚኮንዳክተሩ ውስጥ ቢቀር ኤሌክትሮኖችን ስለሚያጠምድ በጋሊየም አርሰናይድ ሥራ ጠብታውን ከራሱ ከጋሊየም መሥራት ይመረጣል። ጋሊየም የሚቀልጠው በ29.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ በመተማ ቀትር በጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ያለ ምድጃ ፈሳሽ ሆኖ ይገኛል። ማብቀያው መሣሪያ ግን ከቆላ እጅግ ይርቃል። ሞሌኪዩላር ቢም ኤፒታክሲ የሚባለው ይህ ስልት አየር በሙሉ ማለት ይቻላል በተመጠጠለት የብረት ክፍል ውስጥ ይከናወናል። ጋሊየምና አርሰኒክ በየምድጃቸው ተግለው በጨረር መልክ ወደ ሞቀው ግራፊን ይላካሉ። የጋሊየም አተሞች በግራፊኑ ገጽ ላይ እየተንሸራተቱ ይገናኙና ጠብታ ይሠራሉ፤ አርሰኒኩ ወደ ጠብታው ይገባል፤ ከጠብታው ሥር ክሪስታል በንብርብር በንብርብር ይቋጠራል። በሰዓታት ጊዜ ውስጥ ባለ ስድስት ጎን፣ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ርዝመቱ በማይክሮሜትር የሚለካ ሽቦ ይገኛል።

በግራፊን ላይ ይህን ማከናወናቸውን እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ያደረጉት በኖርዌይ ትሮንዳይም ከተማ የሚገኘው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በሄልጌ ቬማንና በብዮርን ኦቬ ፊምላንድ የሚመራው ቡድን ነው። በዚያው ዓመት ውጤቱን ወደ ገበያ ለማድረስ ክሬዮናኖ የተባለ ኩባንያ አቋቋሙ። ቁልፉ የሙቀቱ አያያዝ ነበር። በመጀመሪያ መደቡን በረድ አድርጎ ጥሩ መቋጠሪያ ማስገኘት፣ ከዚያም ሙቀቱን ከ600 ዲግሪ ገደማ በላይ አድርጎ ሽቦው ቀጥ ብሎ እንዲወጣ ማድረግ። ገና ከጅምሩ ከሞቀ አተሞቹ በማይዘው ገጽ ላይ ሳይቆዩ ይበናሉ፤ እንደ በረደ ከቀጠለ ሽቦው ሳይሆን የተጋደመ ፍርፋሪ ይበዛል። ኮርያውያንም በበኩላቸው፣ በጊዩ ቹል ዪ የሚመራው የሴኡል ቡድን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ዚንክ ኦክሳይድን በመካከል አድርገው ጋሊየም ናይትራይድን በግራፊን ላይ አሳድገው ነበር።

ኤሌክትሮኑ በሽቦው ውስጥ

ሽቦው ቆመ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ዋናው ጥያቄ ኤሌክትሪክን እንዴት ያስተላልፋል የሚለው ነው። ለዚህም አንዱ መንገድ ሽቦውን ነቅሎ በመስታወት በተሸፈነ ሲሊከን ላይ አጋድሞ አራት ጥቃቅን የብረት መገናኛዎችን መትከል ነው። በሁለቱ ጫፎች ከረንት ይላካል፤ በመካከለኞቹ ሁለት ቮልቴጅ ይለካል። እንዲህ ሲሆን የመገናኛው ሬዚስታንስ ከሽቦው ሬዚስታንስ ይለያል። ሌላው መንገድ ሽቦው እንደ ቆመ ጫፉን በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ መርፌ ነክቶ ከረንቱ በሽቦው ወርዶ በግራፊኑ በኩል እንዲወጣ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ጠቃሚ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም በሽቦውና በግራፊኑ መካከል ያለውን ድንበር አብሮ ይፈትሻል።

ድንበሩ ወሳኝ ነው። አስተላላፊና ሴሚኮንዳክተር ሲነካኩ ብዙ ጊዜ ሾትኪ የሚባል የኃይል ግንብ ይፈጠራል፤ ከረንት በአንድ አቅጣጫ ያልፋል፣ በሌላው ይታገዳል። አንዳንዴ ይህ የሚፈለግ ነው፤ ለመብራት ግን ግንቡ ኃይልን በሙቀት መልክ ያባክናል። ይህ ዓይነቱ ጥናት በአገራችንም እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ምሁር ባንቲካሰኝ ወርቃለማሁ በስዊድን ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ከሚገኙት ከኦሌ ኢንጋናስ ጋር በ1990ዎቹ በአሉሚኒየምና ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ፕላስቲክ መካከል የሚፈጠረውን የሾትኪ ድንበር አጥንተዋል። ቁሱ ሌላ ነው፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው፦ ኤሌክትሮን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ምን ይገጥመዋል?

ሁለተኛው ጣጣ የሽቦው ገጽ ነው። ሽቦ ሲቀጥን ከአተሞቹ ብዙዎቹ ገጹ ላይ ይውላሉ። የጋሊየም አርሰናይድ ገጽ ደግሞ ኤሌክትሮኖችን በማጥመድ የታወቀ ነው፤ የታጠሙት ኤሌክትሮኖች ሌሎቹን ከገጹ አጠገብ ያባርራሉ። በዚህም ምክንያት ከገጹ ወደ ውስጥ ተንቀሳቃሽ ኤሌክትሮን የሌለበት ባዶ ቀጠና ይፈጠራል። በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1 ላይ 17 ዜሮ ያህል ማለትም መቶ ሺህ ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ሰጪ አተሞች የተጨመሩበትን ጋሊየም አርሰናይድ ብንወስድና የገጹን ቮልቴጅ 0.5 ብናደርግ፣ የባዶው ቀጠና ጥልቀት በተለመደው ቀመር 80 ናኖሜትር ገደማ ይሆናል። የሽቦው ውፍረት 100 ናኖሜትር ከሆነ ከሁለቱም ጎን የሚመጣው ባዶ ቀጠና መሐሉ ላይ ይገናኛል፤ ሽቦው በሙሉ ባዶ ይሆናል ማለት ነው። በመጽሐፍ ስሌት ጥሩ አስተላላፊ መሆን የሚገባው ሽቦ በላቦራቶሪ እንደ ፕላስቲክ የሚዘጋው ከዚህ የተነሣ ነው። መድኃኒቱ ሽቦውን በሌላ ሴሚኮንዳክተር፣ በብዛት በአሉሚኒየም ጋሊየም አርሰናይድ፣ እንደ ልባስ መሸፈን ነው።

ልባሱ ከተስተካከለ ቀጭንነት ጥቅም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2013 በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የኢንዲየም ፎስፋይድ ናኖሽቦዎች የገጹን 12 በመቶ ብቻ ሸፍነው 13.8 በመቶ ብቃት ያለው የፀሐይ ሴል መሥራት እንደቻሉ አሳይተዋል። ሽቦዎቹ በዙሪያቸው የሚያልፈውን ብርሃን እንደ አንቴና ይስባሉ። ውዱን ቁስ ቆጥቦ፣ መደቡን በግራፊን ተክቶ፣ በሙቀት የማይደክም ሴል የመሥራት ተስፋ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

ከዚህ ምዕራፍ ሳንወጣ፣ ትሮንዳይም ሳይሄዱ በማንኛውም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊሠሩ የሚችሉ ሁለት ሙከራዎችን እንጠቁም። በለስላሳ እርሳስ በወረቀት ላይ ወፍራም መስመር አሥምሩ፤ ሬዚስታንሱን በመልቲሜትር ለኩ፤ በ5 ሴንቲሜትርና በ10 ሴንቲሜትር ርቀት ያለውን አወዳድሩ። እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት ታገኛላችሁ፤ ከረንቱን የሚያስተላልፉት የግራፋይት ንጣፎች ናቸው። ቀጥሎም ተራ የሲሊከን ዳዮድ ወስዳችሁ በመልቲሜትሩ የዳዮድ መፈተሻ ቮልቴጁን ማለዳና ቀትር ላይ መዝግቡ። በየዲግሪው 2 ሚሊቮልት ያህል ይቀንሳል። ማለዳ 25፣ ቀትር 42 ዲግሪ ከሆነ ልዩነቱ 34 ሚሊቮልት ይሆናል። የጣሪያውን ሰሌዳ 16 በመቶ ያሳጣው ኃይል ይኸው ነው፤ በዚህ ሙከራ ቆላው ከደጋው የተሻለ ላቦራቶሪ ነው።

ከ365 ወደ 265

አሁን ወደ ውሃው እንመለስ። ረቂቅ ሕዋሳትን የሚገድለው የአልትራቫዮሌት ብርሃን በ260 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ነው። የዘረመል ቁስ የሆነው ዲ ኤን ኤ ይህን ብርሃን አብዝቶ ይመጣል፤ ጎረቤታም የሆኑ ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፤ ባክቴሪያውም መባዛት ይሳነዋል። የፀሐይ ብርሃን ይህ ክፍል አለው፤ ነገር ግን የኦዞን ንብርብር ስለሚያስቀረው መሬት አይደርስም። በእርግጥ ጥርት ያለ ውሃ በሚያሳልፍ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ለስድስት ሰዓት ጠንካራ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ባክቴሪያን በእጅጉ ይቀንሳል፤ እዚያ የሚሠራው ረዘም ያለ ሞገድ ያለው አልትራቫዮሌትና ሙቀቱ ተባብረው ነው። ዘዴው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለመተማ ፀሐይም ይስማማል። ጉድለቱ ዝግታው ነው።

የትሮንዳይሙ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 በመስታወት ላይ በተነጠፈ ባለ ሁለት ንጣፍ ግራፊን ላይ የጋሊየም ናይትራይድና የአሉሚኒየም ጋሊየም ናይትራይድ ናኖዘንጎችን አብቅሎ አልትራቫዮሌት የሚያበራ ዳዮድ መሥራቱን አሳውቋል። ግራፊኑ በአንድ ጊዜ መደብም፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የኤሌክትሪክ መገናኛም ሆኖ አገልግሏል። የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት 365 ናኖሜትር ነበር፤ ቀደም ሲል ያሰላነው የጋሊየም ናይትራይድ ቁጥር መሆኑን ልብ ይሏል። ይህ ብርሃን ግን ባክቴሪያን በፍጥነት የሚገድለው አይደለም። 265 ናኖሜትር ለማግኘት የኃይል ክፍተቱ 4.7 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ መሆን አለበት፤ ይህም ከጋሊየሙ ግማሽ ያህሉን በአሉሚኒየም መተካት ይጠይቃል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። ብርሃን የሚያወጣ ዳዮድ ኤሌክትሮን የበዛበትና ኤሌክትሮን የጎደለበት (ሆል የበዛበት) ሁለት ወገኖች ያስፈልጉታል። ጉድለቱን የሚፈጥረው ማግኒዥየም ነው። በጋሊየም ናይትራይድ ውስጥ አንድን ሆል ከማግኒዥየሙ ለማላቀቅ 0.2 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይበቃል፤ አሉሚኒየም ሲጨምር ግን ይህ ቁጥር እያደገ በአሉሚኒየም ናይትራይድ ከ0.5 ያልፋል። በክፍል ሙቀት ያለው የሙቀት ኃይል 0.026 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ስለሆነ ከማግኒዥየም አተሞቹ ሆል የሚለቁት ከብዙ ጥቂቱ ናቸው። ሽቦው ይቆማል፤ ክሪስታሉ ያምራል፤ ከረንት ግን እንደሚፈለገው አይገባም።

ሁለተኛው እንቅፋት ብርሃኑን ማስወጣት ነው። በስልክ መስታወቶች ላይ እንደ ብርሃን አሳላፊ አስተላላፊ የሚያገለግለው ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ በ265 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃኑን ይውጠዋል። ግራፊንም ቢሆን በዚህ ሞገድ አካባቢ እንደ ወትሮው 2.3 በመቶ ሳይሆን በየንጣፉ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ብርሃን ያስቀራል። ቢሆንም ከአንድ ወይም ከሁለት ንጣፍ ከሰማንያ በመቶ ያላነሰ ብርሃን ስለሚያልፍ እስካሁን ካሉት አማራጮች የተሻለ ሆኖ ይገኛል።

ብቃቱስ? ዝቅተኛ ግፊት ያላቸው የሜርኩሪ መብራቶች ከሚወስዱት ኤሌክትሪክ ሲሶ ያህሉን ወደ 254 ናኖሜትር ብርሃን ይለውጣሉ። በተለመደው መንገድ ተሠርተው በገበያ ላይ የዋሉት የዚህ ሞገድ ዳዮዶች በአብዛኛው ጥቂት በመቶ ብቻ ናቸው፤ የቀረው ኃይል ሙቀት ሆኖ ዳዮዱን ራሱን ያግለዋል፤ ዕድሜውንም ያሳጥራል። 20 ዲግሪ በሆነ ላቦራቶሪ የተፈተነ ዳዮድ በ42 ዲግሪ ጥላ ሥር ያን ያህል ሰዓት ይሠራል ማለት አይቻልም። ግራፊን ሙቀትን በጣም ጥሩ አድርጎ ያስተላልፋል፤ ከሥሩ ያለው መስታወት ግን አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ሙቀቱ በንጣፉ በኩል ወደ ጎን ወጥቶ ወደ ብረት መድረስ አለበት። በተጨማሪም ውሃው ራሱ መጥራት ይኖርበታል። በክረምት የጓንግ ወይም የሽንፋ ወንዝ ሲሞላ የሚመጣው ደፍራሽ ውሃ በአሸዋ ካልተጣራ፣ የጭቃው ቅንጣት ለባክቴሪያው ጥላ ይሆነዋልና መብራቱ የቱንም ያህል ቢበረታ ብርሃኑ አይደርስበትም።